ከመኪናው ጋር የመጣ ናቪጌሽን ወይስ ተነቃይ? ከመክፈልዎ በፊት የሚደረግ ፍተሻና ምርጫ

አዲስ የገዛው መኪና ውስጥ የገባ ሰው ዓይኑ ቀድሞ የሚያርፈው ዳሽቦርዱ መሐል በተዘረጋው ስክሪን ላይ ነው፤ ሻጩም ይህን ስለሚያውቅ «ናቪጌሽንም አለው» ማለቱን አይዘነጋም። መኪናው አገር ቤት ገብቶ ናቪጌሽኑ ሲከፈት ግን ከቻይና የመጣው የቻይናን ከተሞች፣ ከጃፓን የመጣው የጃፓንን አውራ ጎዳናዎች፣ ከዱባይ የመጣው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የባሕረ ሰላጤውን አገሮች ብቻ ያሳያል። ስለዚህ ኢትዮጵያ ውስጥ ለሚያሽከረክር ሰው «ከመኪናው ጋር የተሠራ ይሻላል ወይስ ተነቃይ?» የሚለው ጥያቄ ስለ መሣሪያው ከመጠየቁ በፊት ስለ ካርታው መጠየቅ አለበት፤ ካርታው አገራችንን ይዟል ወይ? ማን ያድሰዋል? ይህ መመሪያ በዚሁ ቅደም ተከተል የተጻፈ ነው።

ገበያ ላይ የሚገኘውን በአራት ወገን ከፍሎ ማየት ይበጃል። የመጀመሪያው ፋብሪካው መኪናው ውስጥ አብሮ የሠራው ናቪጌሽን ነው። ሁለተኛው የቀድሞው ቴፕ ወጥቶ በቦታው የሚገባው አንድሮይድ ስክሪን ነው። ሦስተኛው ለዚሁ ሥራ ብቻ የተሠራ፣ እንደ ጋርሚን ያለ ተነቃይ መሣሪያ ሲሆን፣ አራተኛው ኪስዎ ውስጥ ያለው ስልክ ነው። ስልኩን ከስክሪኑ ጋር አገናኝቶ የሁለቱንም ጥቅም የሚሰጥ መካከለኛ መንገድም ስላለ ወደ በኋላ እመለስበታለሁ።

1ኛ፦ መኪናው ላይ ያለውን ካርታ ይመርምሩ

መኪናውን ከዛፍና ከፎቅ ራቅ ባለ ግልጽ ቦታ ላይ ያቁሙ፤ ናቪጌሽኑን ይክፈቱና 15 ደቂቃ ያህል ይታገሡ። ከሌላ አህጉር ተጭኖ የመጣ ወይም ለወራት ጠፍቶ የቆየ የጂፒኤስ ተቀባይ እያንዳንዱ ሳተላይት የት እንዳለ የሚነግረውን ሰንጠረዥ ከሰማይ እንደገና መቀበል ይኖርበታል፤ ይህ ሰንጠረዥ ሙሉ በሙሉ ተላልፎ የሚያልቀው በ12 ደቂቃ ተኩል ነው። ስልክ ተመሳሳዩን መረጃ በኢንተርኔት ስለሚያገኝ በሰከንዶች ውስጥ ቦታውን ያውቃል። በዚህ ምክንያት ብዙ ሰው የመኪናውን ናቪጌሽን ሁለት ደቂቃ አይቶ «ተበላሽቷል» ብሎ ይፈርድበታል።

ከጥበቃው በኋላ ከሦስት ነገሮች አንዱን ያያሉ። ቀስቷ አሁንም ሌላ አገር ላይ ቆማ ከቀረች ተቀባዩ ወይም አንቴናው አይሠራም። ቀስቷ ባዶ ነጭ ሜዳ ላይ ቆማ መኪናው ሲንቀሳቀስ አብራ የምትንቀሳቀስ ከሆነ ተቀባዩ ደኅና ነው፤ የጎደለው ካርታው ነው። የኢትዮጵያ መንገዶች ከታዩ ደግሞ የካርታውን ዕድሜ መመርመር ይቀራል። ለዚህ ከሁሉ የሚቀለው ዘዴ በቅርብ ዓመታት የተሠራ ወይም የተቀየረ፣ እርስዎ በደንብ የሚያውቁት መንገድ ላይ ካርታውን መክፈት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ በኮሪደር ልማቱ ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብዙ መንገዶች ስለሰፉና መታጠፊያዎቻቸው ስለተቀየሩ ከዚያ በፊት የተዘጋጀ ካርታ ፒያሳ ላይ ብቻ እንኳ በርካታ ስሕተት ይሠራል።

ቀኑንም ይመልከቱ። የጂፒኤስ ሳተላይቶች ሳምንቱን የሚያስተላልፉት ከ0 እስከ 1023 ባለው ቁጥር ነው፤ ቁጥሩ ሲሞላ ከዜሮ ይጀምራል፤ ለመጨረሻ ጊዜ የሞላውም እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2019 ነበር። ለዚህ ያልተዘጋጁ አሮጌ መሣሪያዎች ቀኑን ወደ 19 ዓመት ከ7 ወር ያህል ወደ ኋላ መልሰው ያሳያሉ። ቦታውን በትክክል ሊነግሩዎት ይችላሉ፤ ነገር ግን እንዲህ ያለ ቀን የሚያሳይ መሣሪያ አምራቹ ከተወው ቆይቷል ማለት ስለሆነ የካርታ እድሳት አይጠብቁለት።

ከጃፓን የመጣ መኪና ላላቸው አንባቢዎች ልዩ ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከጃፓን ገበያ የመጡ በርካታ የቶዮታ ናቪጌሽኖች የካርታውን ሜሞሪ ካርድ እንደ ቁልፍ ይጠቀሙበታል፤ ባትሪ ተነቅሎ ሲመለስ ትክክለኛውን ካርድ ካላገኙ ስክሪኑ በጃፓንኛ ጽሑፍ ተቆልፎ ይቀራል፤ ሬዲዮውም አብሮ ይዘጋል። «ካርታው ለእኛ አይጠቅምም» ብሎ ካርዱን አውጥቶ ዘፈን የጫነበት ሰው ባትሪ በቀየረ ማግስት የሚያዝነው ለዚህ ነው። ሬዲዮውም ቢሆን የተሠራው ከ76 ሜጋኸርዝ ለሚጀምረው የጃፓን ኤፍ ኤም ስለሆነ ሸገር 102.1ን ያለ ተጨማሪ መለወጫ አይዝም፤ ከጃፓን የመጣውን ስክሪን ማስቀየር የሚፈልገው አብዛኛው ሰው የሚነሣውም ከናቪጌሽኑ ይልቅ በሬዲዮው ነው።

2ኛ፦ ቦታ የሚፈልጉት በምን እንደሆነ ያስቡ

ፋብሪካ የሠራው ናቪጌሽን የተነደፈው የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር ላለው ሰው ነው። አገር ምረጥ፣ ከተማ ምረጥ፣ መንገድ ምረጥ፣ ቁጥር አስገባ ይላል። እኛ ደግሞ ለእንግዳ የምንነግረው «ገርጂ መብራት ኃይል ስትደርስ ፋርማሲዋን አልፈህ በቀኝ ወደ ውስጥ ታጠፍ፣ ሰማያዊ በር ታያለህ» እያልን ነው፤ ወይም ባጭሩ «ሎኬሽን ላክልኝ» እንባባላለን። በቴሌግራም የተላከ ሎኬሽን በስልክ ላይ አንዴ ሲነካ ካርታ ላይ ይከፈታል። ፋብሪካው የሠራው ስክሪን ግን አብዛኛውን ጊዜ ይህን መልእክት የሚቀበልበት በር የለውም። የዕቃ አድራሽ፣ የራይድ ሹፌር ወይም በየቀኑ አዲስ ደንበኛ ቤት የሚሄድ ባለሙያ ከሆኑ ምርጫው እዚህ ላይ ሊያልቅ ይችላል፤ ለእርስዎ የሚሆነው ስልክ ወይም ከስልክ ጋር የሚገናኝ ስክሪን ነው።

ካርታው ኢትዮጵያን የያዘና ኮኦርዲኔት (የቦታውን የኬክሮስና የኬንትሮስ ልክ) በቁጥር የሚቀበል መሣሪያ ካለዎት በዚያ መጠቀም ይቻላል። እዚህ ላይ የሚሠራ አንድ ስሕተት አለ። ስልክ መስቀል አደባባይን 9.0105፣ 38.7612 ብሎ በነጥብ ያሳያል፤ ብዙ የመኪና ናቪጌሽኖች ግን ዲግሪ፣ ደቂቃና ሰከንድ ለየብቻ ይጠይቃሉ። 9.0105ን «9 ዲግሪ፣ 01 ደቂቃ፣ 05 ሰከንድ» ብለው ካስገቡ ከትክክለኛው ቦታ ከ800 ሜትር በላይ ወደ ሰሜን ይሄዳሉ። ትክክለኛው ስሌት ከነጥብ በኋላ ያለውን በ60 ማባዛት ነው፤ 0.0105 በ60 ሲባዛ 0.63 ይሆናል፤ ስለዚህ ደቂቃው 0 ነው። የቀረው 0.63 እንደገና በ60 ሲባዛ 37.8 ሰከንድ ይሆናል። 38.7612ም በዚሁ መንገድ 38 ዲግሪ፣ 45 ደቂቃ፣ 40.3 ሰከንድ ይሆናል። የመሣሪያው ማስተካከያ ውስጥ ገብቶ አቀማመጡን ወደ ነጥብ መቀየር ከተቻለ ግን ይህ ሁሉ ድካም ይቀራል።

3ኛ፦ ኔትወርክ በሌለበት ምን ያህል እንደሚነዱ ይቁጠሩ

«ኢንተርኔት ከሌለ ጂፒኤስ አይሠራም» የሚለው አባባል በሰፊው የሚነገር ቢሆንም ትክክል አይደለም። መሣሪያው ቦታውን የሚያውቀው 20,200 ኪሎ ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ከሚዞሩት ሳተላይቶች ቢያንስ የአራቱን ምልክት በመቀበል ነው፤ ለዚህ ሲም ካርድም ሆነ ዳታ አያስፈልግም። ኢንተርኔት የሚያስፈልገው ካርታውን ለማውረድ፣ ቦታ ለመፈለግና የመንገድ መጨናነቅን ለማወቅ ነው። ስለዚህ ካርታው አስቀድሞ የተጫነበት ስልክ የዓባይን በረሃ ሲወርዱም፣ ከቱርሚ ወደ ኦሞራቴ ሲሄዱም ቦታዎን ያሳያል።

ስልክ ለመጠቀም ካሰቡ ዝግጅቱ የሚሠራው ከቤት ሳይወጡ ነው። በጎግል ካርታ ላይ የሚሄዱበትን አካባቢ መርጠው ያውርዱ፤ ወይም በጎ ፈቃደኞች በሚያዘጋጁት ነፃ ካርታ፣ በኦፕንስትሪትማፕ፣ መረጃ የሚሠሩትን ኦርጋኒክ ማፕስና ኦስማንድ የተባሉ መተግበሪያዎች ጭነው የኢትዮጵያን ካርታ ያውርዱ። ከዚያም ስልኩን የአውሮፕላን ሁኔታ ላይ አድርገው ጎግል ካርታን ይክፈቱና መድረሻውን ይፈልጉ። ይህን ፈተና ያላለፈ ዝግጅት ጎሐ ጽዮን ላይ ይከዳዎታል። ያወረዱት የጎግል ካርታ ያለ ኢንተርኔት የመኪና መንገድ ይመራዎታል፤ የመንገድ መጨናነቅንና አማራጭ መንገዶችን ግን አያሳይም። ከዋናው አስፋልት ለሚወጣ ሰው፣ በእኔ ልምድ፣ ፒስታ መንገዶችንና የገጠር መገንጠያዎችን በመያዝ የኦፕንስትሪትማፕ ካርታ ብዙ ጊዜ የተሻለ ሆኖ አግኝቼዋለሁ፤ ከተማ ውስጥ የንግድ ቤትና የሕንፃ ስም ለመፈለግ ግን ጎግል ይበልጣል። ሁለቱንም መጫን ምንም ወጪ የለውም።

ለብቻው የተሠራ ተነቃይ ጂፒኤስ ዛሬም ቦታ የሚያገኘው በዚህ ሁኔታ ነው። ወደ ዳሎልና ወደ ደቡብ ኦሞ ቱሪስት የሚያመላልሱ ሹፌሮች ጋርሚን መሣሪያ ላይ ትራክስ ፎር አፍሪካ የተባለውን፣ ደቡብ አፍሪካ ውስጥ የሚዘጋጀውን የአፍሪካ ካርታ ጭነው መጠቀማቸው አላዋቂነት አይደለም፤ ካርታው የተሠራው ከከተማ ውጭ ለሚጓዝ ሰው ታስቦ ነው፤ መሣሪያውም ስልክ ሲደወል አይቋረጥም፣ ያለፉበትን ዱካም መዝግቦ ያስቀምጣል። ሲገዙ ግን ሳጥኑ ላይ የተጻፈውን የካርታ ሽፋን ያንብቡ። ዘመድ ከአሜሪካ የላከው ጋርሚን የሰሜን አሜሪካን ካርታ ብቻ ይዞ ሊመጣ ስለሚችል የአፍሪካው ካርታ ለብቻው ተገዝቶ ይጫናል፤ ይህ ወጪ ከመሣሪያው ዋጋ ጋር አብሮ ይታሰብ።

4ኛ፦ መኪናዎ ምን እንደሚፈቅድ ይወቁ

የኤሌክትሪክ መኪና ካለዎት የፋብሪካውን ስክሪን አስወጥቶ በሌላ ለመተካት አያስቡ። መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች እንዳይገቡ እ.ኤ.አ. በ2024 መጀመሪያ ከከለከለ ወዲህ ከተማው ውስጥ የበዙት የቻይና ገበያ መኪኖች ስክሪናቸው ቴፕ ብቻ አይደለም፤ የአየር ማቀዝቀዣው፣ የኋላ ካሜራው፣ የባትሪ መሙያው ሰዓትና ሌላም ብዙ ማስተካከያ በእሱ ውስጥ ያልፋል። ስክሪኑ የጎግል አገልግሎት የለውም፤ አንዳንድ ባለሙያዎች የካርታ መተግበሪያ በፍላሽ ይጭኑበታል፤ ይህም በበርካታ ሞዴሎች ላይ ይሠራል። ሲያስጭኑ ግን መተግበሪያ መጨመርና የስክሪኑን ዋና ሶፍትዌር መቀየር የተለያዩ ነገሮች መሆናቸውን ይረዱ። የመጀመሪያው ካልተስማማ ይጠፋል፤ ሁለተኛው ከተበላሸ መኪናው ያለ ማቀዝቀዣና ያለ ካሜራ ሊቀር ይችላል። ባለሙያው «ሙሉ በሙሉ እንግሊዝኛ አደርገዋለሁ» ሲል ከሁለቱ የትኛውን እንደሚሠራ በግልጽ ይጠይቁት። እኔ ብሆን ስልኬን መያዣ ላይ አድርጌ ስክሪኑን ለሥራው እተወዋለሁ።

የጭነት መኪና ባለቤት ደግሞ ቮልቱን ያስቀድም። ሲኖትራክና ብዙዎቹ አይሱዙዎች 24 ቮልት ሲሆኑ ገበያ ላይ ያሉት አንድሮይድ ስክሪኖች አብዛኞቹ ለ12 ቮልት የተሠሩ ናቸው። «ችግር የለውም» ተብሎ በቀጥታ የተገናኘ ስክሪን ወዲያው ሊቃጠል ይችላል። ለእነዚህ መኪኖች ተነቃይ መሣሪያ ወይም ስልክ፣ ከ12 እስከ 24 ቮልት የሚል ጽሑፍ ካለበት ቻርጀር ጋር፣ ቀላሉና ርካሹ መልስ ነው።

5ኛ፦ ፋብሪካው የሠራው የሚበልጥበትን ጊዜ አይርሱ

እስካሁን የተናገርሁት በፋብሪካው ናቪጌሽን ላይ የበዛ ቢመስልም፣ ካርታው ትክክል ከሆነ በአሠራሩ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። አንቴናው ጣሪያ ላይ ወይም ሰማይን በደንብ በሚያይ ቦታ ተቀምጧል። ከዚህም በላይ ከመኪናው የፍጥነት ምልክት ይቀበላል፤ መዞርን የሚለካ ጋይሮ የሚባል ክፍልም አለው። ስለዚህ ሳተላይት ሲጠፋ ምን ያህል እንደሄደና ወዴት እንደታጠፈ ቆጥሮ ቦታውን ይገምታል። በፑሽኪንና በጎተራ መካከል ያለው ዋሻ ውስጥ ወይም ጣርማ በር ላይ የስልኩ ነጥብ ሲቆም ወይም ሲዘል፣ የፋብሪካው ቀስት ሳትደናገር ትቀጥላለች።

ይህ ጥቅም ለማን ይበዛል? ዋሻና ተደራራቢ መንገድ በበዛበት ከተማ ለሚኖር፣ ካርታውም በአምራቹ በየጊዜው ለሚታደስለት ሰው ነው። ዋሽንግተን፣ ስቶክሆልም ወይም ቴል አቪቭ ያለ አንባቢ ከፋብሪካው ናቪጌሽን ጋር መኪና ሲገዛ የሚጠይቀው ጥያቄ ከእኛ የተለየ ነው፤ እድሳቱ ለስንት ዓመት በነፃ ይሰጣል፣ ከዚያስ በኋላ ዋጋው ስንት ነው? አዲስ አበባ ውስጥ ዋሻ ጥቂት ነው፤ የሚያስቸግረው የካርታ እርጅና ስለሆነ ሚዛኑ ወደ ስልክ ያዘነብላል።

6ኛ፦ መካከለኛውን መንገድ ይሞክሩ

መኪናዎ እ.ኤ.አ. ከ2015 ወዲህ የተሠራ ከሆነ ስክሪኑ አፕል ካርፕሌይ ወይም አንድሮይድ አውቶ ሊኖረው ይችላል። ይህ ካለ ምርጫው በአብዛኛው ተፈትቷል፤ ካርታው፣ ፍለጋውና በቴሌግራም የመጣው ሎኬሽን ከስልክዎ ይመጣሉ፤ የሚያዩት ግን በትልቁ ስክሪን፣ የሚሰሙት በመኪናው ድምፅ ማጉያ ነው። አንዳንድ መኪኖች ቦታውን ከራሳቸው አንቴና ወስደው ለስልኩ ስለሚሰጡ የተቀባዩ ጥራትም ይሻሻላል። አይፎን ላይ ጎግል ካርታን በካርፕሌይ መጠቀም የተቻለው ከአይኦኤስ 12 ጀምሮ ነው፤ ያለ ገመድ የሚሠራው አንድሮይድ አውቶ ደግሞ በጥቅሉ አንድሮይድ 11 ወይም ከዚያ በላይ ይፈልጋል።

ለመሞከር ዋናውን የስልክ ገመድ ይጠቀሙ። መንገድ ዳር የሚሸጡ ብዙ ገመዶች ቻርጅ ከማድረግ በቀር መረጃ የሚያሳልፍ ሽቦ የላቸውም፤ «መኪናዬ አይቀበልም» ያሉ ሰዎችን ገመድ በመቀየር ብቻ አስደስቼ አውቃለሁ። ለቻይና ገበያ የተሠሩ አንዳንድ መኪኖች በእነዚህ ፈንታ ካርላይፍ ወይም ሃይካር የተባሉትን የቻይና አቻዎች ስለያዙ በስም እንዳይሳሳቱ፤ መኪናውን ከመግዛትዎ በፊት የራስዎን ስልክ ሰክተው ካርታ ሲከፈት በዓይንዎ ይዩ።

7ኛ፦ አንድሮይድ ስክሪን ለማስገባት ከወሰኑ

በመጀመሪያ ምን እየገዙ እንደሆነ ይወቁ። ሶማሌ ተራም ሆነ በየዲኮር ቤቱ የሚሸጠው 9 ወይም 10 ኢንች ስክሪን የተገጠመ ቢመስልም ውስጡ ታብሌት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የፍጥነት ምልክትም ጋይሮም አይጠቀምም፤ ኢንተርኔትም ከስልክዎ ሆትስፖት ወይም ከራሱ ሲም ይፈልጋል። ለኋላ ካሜራና ለሬዲዮ ጥሩ ነው። ለናቪጌሽን ብቻ ብለው ከሆነ ግን ገንዘቡ ያለ ቦታው ይወጣል።

ሲገዙ የሜሞሪውን መጠን ከሻጩ አፍ አይቀበሉ፤ የስክሪኑ የራሱ መረጃ ገጽም የውሸት ቁጥር ተጽፎበት ሊመጣ ይችላል። ሁነኛው ፈተና ካርታ ከፍቶ፣ ዘፈን እያጫወቱ፣ የኋላ ማርሽ አስገብቶ ካሜራው በምን ያህል ጊዜ እንደሚመጣ ማየት ነው። ለቶዮታ ከሆነ ደግሞ ስፋቱን ይለኩ፤ የተለመደው ባለ ሁለት ክፍል ቴፕ ወደ 180 ሚሊ ሜትር ሲሰፋ ብዙ የቶዮታ ቦታዎች 200 ሚሊ ሜትር ስለሆኑ ትክክለኛው የፕላስቲክ ፍሬም ከሌለ ክፍተት ይቀራል ወይም ዳሽቦርዱ ይፋቃል።

የአንቴናው ጉዳይ እኔን ያስተማረኝ በራሴ መኪና ነው። ባለሙያው ስክሪኑን አስገብቶ፣ ካርታ ከፍቶ አሳየኝ፤ ግቢው ውስጥ ልክ ነበር። ቀለበት መንገድ ላይ ስወጣ ግን ዋናው መስመር ላይ ሆኜ ቀስቷ የጎን መንገዱን ይዛ ትሄዳለች፤ አንዳንዴም በተቃራኒው አቅጣጫ ከሚመጡት መኪኖች ጋር ትቀላቀላለች። «ወደ ቀኝ ታጠፍ» ስትለኝ መውጫው አልፏል። ዳሽቦርዱ ሲፈታ የክብሪት ሳጥን የምታህለዋ አንቴና ከስክሪኑ ኋላ ባለው ብረት ሥር፣ ፊቷን ወደ ታች አድርጋ ተጠቅልላ ተገኘች። ከገመዷ ፈትተን በፊት መስታወቱ ሥር፣ ዳሽቦርዱ ጥግ ላይ ማግኔት ያለበትን ጎኗን ወደ ታች አድርገን ስናስቀምጣት ችግሩ ተፈታ። ስለዚህ ባለሙያው ዳሽቦርዱን ከመዝጋቱ በፊት አንቴናዋ የት እንዳለች ጠይቀው ይዩ፤ ምንም ብረት ከላይ ሊከልላት አይገባም።

ሁለተኛው ጥንቃቄ የባትሪ ነው። በተለመደው አሠራር ቢጫው ሽቦ ሁልጊዜ ኤሌክትሪክ ያለበት፣ ቀዩ ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚበራ፣ ጥቁሩ ደግሞ የቦዲ ነው። ለመቅለል ብሎ ቢጫውንና ቀዩን አንድ ላይ የሚጠመጥም ባለሙያ ስክሪኑ ሌሊቱን ሙሉ እንዲነቃ ያደርገዋል። ሥራው ሲያልቅ ቁልፉን አውጥተው፣ በሮቹን ዘግተው፣ ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይተው ከባትሪው ነጌቲቭ ጋር በተከታታይ በተያያዘ ቴስተር የሚፈሰውን ያስለኩ። ከ50 ሚሊአምፒር በታች ከሆነ ደኅና ነው። 300 ከሆነ ግን 45 አምፒር-ሰዓት ያለው ባትሪ ቆሞ በሚያድርበት በ3 ቀን ውስጥ ግማሹን ያጣል፤ ከቅዳሜ እስከ ማክሰኞ የቆመ መኪና አልነሣ ሲል ጥፋቱ የባትሪው እየመሰለ አዲስ ባትሪ ይገዛል።

8ኛ፦ ስልክ ወይም ተነቃይ መሣሪያ ከመረጡ

ጥሩ መያዣ ይግዙ፤ ከዚህ ላይ አይቆጥቡ። በመምጠጥ የሚጣበቀው ዓይነት የሚይዘው መስታወት ላይ ነው፤ ሻካራ ዳሽቦርድ ላይ ኮሮኮንች ሲመጣ ይወድቃል። መስታወቱን በሳኒታይዘር ጠርገው፣ አድርቀው፣ ከዚያ ይለጥፉ። ቦታው ከመሪው ጎን ዝቅ ብሎ፣ መንገዱን የማይከልል፣ የአየር ከረጢት ሲነፋ በመንገዱ ላይ የማይገኝ ይሁን። ስልክ በእጅ ይዞ ማሽከርከር እንደሚያስቀጣ ስለሚታወቅ መድረሻውን ቆመው ያስገቡና የሚሄዱት በድምፁ እየተመሩ ይሁን። ካሊፎርኒያ የምትኖሩ ወገኖች ደግሞ መስታወት ላይ መለጠፍ የሚፈቀደው በሁለት ቦታ ብቻ መሆኑን አስቡ፤ ከሹፌሩ በራቀው ታችኛ ጥግ 7 ኢንች በ7 ኢንች በሆነ ቦታ፣ ወይም ለሹፌሩ በቀረበው ታችኛ ጥግ 5 ኢንች በ5 ኢንች በሆነ ቦታ ውስጥ ነው።

ቻርጀሩ ቢያንስ 2 አምፒር የሚሰጥ ይሁን። አሮጌ ቴፕ ላይ ያለው የዩኤስቢ ቀዳዳ ግማሽ አምፒር ብቻ ስለሚሰጥ ካርታ እያሳየ ያለ ስልክ ቻርጅ ላይ ሆኖም ባትሪው ይቀንሳል። ሙቀቱንም አይናቁ፤ አፕል አይፎን እንዲሠራ የሚመክረው ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ አየር ውስጥ ነው፤ ድሬዳዋ፣ ሰመራ ወይም መተማ ላይ ፀሐይ በሚመታው መስታወት ሥር የተቀመጠ ስልክ ብርሃኑን ያደበዝዛል፣ ከዚያም ይዘጋል። ለእነዚህ አካባቢዎች የማቀዝቀዣው አየር መውጫ ላይ የሚሰካ መያዣ ይሻላል። ለገጣፎ ወይም ደብረ ብርሃን በጧት ማሞቂያ ከፍተው የሚነዱ ከሆነ ግን ይኸው ቦታ ስልኩን ይጠብሰዋል።

መኪና ሲያቆሙ ስልኩን ብቻ ሳይሆን መያዣውንም ይንቀሉ፤ መስታወቱ ላይ የሚቀረውን ክብ ምልክትም ይጥረጉ። ሌባ መስታወት የሚሰብረው ያየውን ለመውሰድ ብቻ አይደለም፤ ምልክቱን አይቶ መሣሪያው የዳሽቦርዱ ኪስ ውስጥ ተደብቋል ብሎ ስለሚገምትም ነው።

9ኛ፦ በሚያውቁት መንገድ ይፈትኑት

የመረጡትን ካስገቡ በኋላ የማያውቁት አገር ላይ አይሞክሩት። ሦስት ነገር የሚያጣምር አጭር ዙር ይምረጡ፤ ዋናውና የጎን መንገዱ ጎን ለጎን የሚሄዱበት የቀለበት መንገድ ክፍል፣ ፎቅ የበዛበት ሰፈር፣ እንዲሁም በቅርቡ የተቀየረ አደባባይ ይኑርበት። በቀለበት መንገዱ ላይ ቀስቷ በትክክለኛው መስመር ላይ መሆኗን፣ መታጠፊያው ከመድረሱ በምን ያህል ርቀት አስቀድሞ እንደሚነግርዎ፣ ሆን ብለው መውጫ ሲያልፉ አዲስ መንገድ ለማውጣት ስንት ሰከንድ እንደሚወስድበት ይመልከቱ። ዳታውን አጥፍተው ዙሩን ይድገሙት።

የመጀመሪያው ስክሪን ከተነሣ ሳጥን ውስጥ ከነብሎኑ፣ ከነሶኬቱና ከነሜሞሪ ካርዱ ቤት ወስደው ያስቀምጡት። መኪናውን ሲሸጡ ገዢው ይጠይቅዎታል፤ ባለሙያው ዘንድ ትተውት የሄዱት ስክሪን ግን በሳምንቱ ሌላ ቪትዝ ውስጥ ገብቶ ያገኙታል።